ታቦቱ ፎገራ ሜዳ ላይ የቆመ ዕለት

ፎገራ ላይ እስክስታ የማይወድ ሰው የለም፤ የኔ ግን ይብሳል። ከበሮ ከሰማሁ ሥራዬን ጥዬ የምሮጥ ልጅ ነበርኩ። ይህ አመሌ በደርግ ዘመን፣ ለአንድ ዲያቆን በታጨሁ ጊዜ፣ ትዳሬን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረው።

የዲያቆኑ አባት የደብራችንን ታቦት የሚሸከሙ ቄስ ነበሩ። ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ሰው ይበልጥ የሚፈራቸውም ለዚያ ነው። ሽማግሌ ልከው፣ «ልጄ ነገ ይቀስሳል። የቄስ ሚስት ሕዝብ መሀል እስክስታ አትመታም። ትታው ትምጣ፤ አለዚያ ይቅር» አሉ። ዲያቆኑን ወድጄዋለሁ። ወረታ ገበያ ላይ ከሩቅ ያየሁት ቀን ቅቤ ልሸጥ ሄጄ ቅቤውን ይዤ ተመልሻለሁ። ግን «ትተሽ ነይ» መባሉ አንገበገበኝ።

«እነሱ መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡስ?» ብዬ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«እሱማ ለእግዚአብሔር ነው።»

«የኔስ ለማን መሰለዎ?»

አባቴ ተነሥተው በሬዎቹን ሊያዩ ወጡ።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው ካድሬ አስጠራኝ። ለኪነት ቡድን ጨፋሪ ይሰበስብ ነበር። «እናንተ ክርስቲያኖች ዛሬ ጾም፣ ነገ ስግደት፣ መች ትደሰታላችሁ? መደሰት ከፈለግሽ እኛ ጋር ነይ» አለኝ። የሚፈልገው አብዮቱን እያወደስኩ፣ ያውም እሑድ በቅዳሴ ሰዓት፣ እንድጨፍርለት ነው። ታጭቻለሁ ብዬ አመለጥኩት። መንገድ ላይ ግን ነገሩን ሳስበው ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። ካድሬውና ቄሱ በሌላ ነገር ሁሉ ዐይንና ናጫ ናቸው፤ ክርስቲያን ደስታ አያምርበትም በሚለው ላይ ግን ተስማምተዋል። እኔ መሀል ቤት ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ።

እንግዲህ ለዲያቆኑ ስል ቻልኩት። የአጨዳው ደቦ አለፈ፣ ገና አለፈ፤ ጓደኞቼ ሲጨፍሩ እኔ እጄን አጣምሬ እቆማለሁ። የታመምኩ የመሰላቸውም ነበሩ።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦታችን ርብ ወንዝ ዳር አድሮ፣ ውሃው ተባርኮ፣ ሕዝቡ ተረጭቶ ወደ ደብሩ መመለስ ጀመርን። ክረምት ላይ በታንኳ የምንሻገረው ሜዳ ያን ቀን አቧራው ይጨሳል። ፈረሰኛው ይጋልባል፣ ጎረምሳው ሆ ይላል፣ ሴቱ እልል ይላል። እኔ ጥርሴን ነክሼ እሄዳለሁ።

ሜዳው መሀል ስንደርስ ታቦቱ ቆመ። ተሸካሚው የዲያቆኑ አባት ናቸው፤ እግራቸው አልነሣ አላቸው። በኛ አገር እንዲህ ሲሆን ታቦቱ ራሱ አልሄድም እንዳለ ይቆጠራል፤ ሕዝቡ ይለምነዋል እንጂ ተሸካሚውን የሚገፋ የለም። ካህናቱ ዘመሩ፤ አልሄደም። ሕዝቡ ተንበርክኮ እግዚኦ አለ፤ አልሄደም። ምን በድለን ነው እየተባለ ለቅሶ ሲጀመር አንዲት ባልቴት ተነሡና፣ «ታቦት በጥምቀት በለቅሶ ይሸኛል እንዴ? በሉ አጨብጭቡ» ብለው ከበሮውን ከአንዱ ጎረምሳ ነጠቁት።

ሴቱ ክብ ሠራ። ቄሱ ከፊት ለፊቴ ናቸው፤ ከታቦቱ መጎናጸፊያ ሥር ዐይናቸው ይታየኛል። ከጨፈርኩ ዲያቆኑ እንደቀረ አውቃለሁ። ይቅር አልኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ መሀል ገባሁ። የስንት ጊዜው እስክስታ አንድ ላይ ወጣልኝ። ደስታው ከእግሬ እስከ ራሴ ነዘረኝ፤ እያለቀስኩ ነበር፣ እየሳቅኩም ነበር፣ እንደዚያ ቀን አጥብቄ ጸልዬም አላውቅም። እልልታው ሲቀልጥ ቀና ብል ቄሱ እየተራመዱ ነው። እኔ የኋሊት እየጨፈርኩ፣ እሳቸው እየተከተሉ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደረስን።

ታቦቱ ከገባ በኋላ አስጠሩኝ። ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ቄሱ ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። መሬት መሬቱን እያየሁ ፍርዴን ጠበቅሁ።

«ታቦት ስሸከም የኖርኩ ሰው» አሉ ለአባቴ፣ «ዛሬ ፈራሁ።»

«ምኑን ፈሩ አባ?»

«ትከሻዬን። ይቺ ልጅ ከፊቴ ስትጨፍር አልታዘዝ አለኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ደስታሽን ጥለሽ ነይ ማለቴ ስሕተት ነበር። ይዘሽው ነይልን።»

መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ተሳለምኩት።