ሦስቴ የፈታሁት አምፖል

በራ! መስመሩን በገዛ እጄ ነው የዘረጋሁት፣ ቤቱም አልተቃጠለም!

ልጄ ነገ ፈተና አለባት፤ የኩራዝ ጭስ ደግሞ ዓይኗን ያስለቅሳታል። ኤሌክትሪክ ሠሪው ፉንዲ ከቡቲዬ መንደር እስኪመጣ መጠበቅ አልቻልኩም።

መጀመሪያ በወረቀት ጻፍኩ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ደረቅ ጫማ፣ ጸሎት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማብሪያውን ተጫንኩ። ወፍ የለም። ሁሉንም ሁለቴ ፈትቼ ሁለቴ አሰርኩ። አሁንም ወፍ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ስፈታ ባለቤቴ ከጓሮ ገባች።

"አንተ ሰውዬ፣ የከተማው ጄኔሬተር የሚነሳው ማታ አስራ ሁለት ሰዓት አይደል እንዴ?"

እሱን ዝርዝሬ ላይ አልጻፍኩትም!

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ አምፖሉም ቦግ አለ። ልጄ "አባዬ ፉንዲ ሆነ!" ብላ ደብተሯን ዘረጋች።

እናንተስ ያልተበላሸ ነገር ስንቴ ፈታችሁ? ንገሩኝ እንጂ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።