ደህና ናቸው፣ ብቻ ነይ

ዳባት፣ ማለዳ

ይህን ጉዞ ያቀድኩት ለዕረፍት ነበር። በምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አዙሮኝ ልወድቅ ስል ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፤ ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። መርማሪዋ ኪኒን ሰጠችኝና ጭንቀት ቀንሺ አለችኝ። እንዴት እንደሚቀነስ ስጠይቃት ሳትሰለች አስረዳችኝ። ትንፋሽን በአፍንጫ በዝግታ መሳብ፣ ከሳቡት በላይ አርዝሞ ማውጣት። በእግር መሄድ። ቡና መቀነስ። የሆድን ለሰው መንገር። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ስለሆነ የተማርኩትን ሳልሞክር አላልፍም። ቅዳሜን ደባርቅ ውዬ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ልራመድ ወሰንኩ።

ዓርብ ማታ የአክስቴ ልጅ መኳንንት ከደባርቅ ደወለ። እናቱ እትዬ ጥሩ ናቸው ያሳደጉኝ፤ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ነው። ነገ መምጣት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ታመው ነው ወይ አልኩት።

«አይ፣ ደህና ናቸው። ብቻ ነይ።»

በእኛ አገር ይህን አነጋገር የማያውቅ የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። «ደህና ነው» እየተባለ ሰው ይጠራል፤ እውነቱ የሚነገረው ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። መልሼ ስደውል ስልኩ ዝግ ሆነ። መንደራቸው ኔትወርክ የለውም።

ሚኒባስ ውስጥ

መኪናው እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ጠየቀና ተሳፋሪው ተጨቃጨቀ፤ እኔ ዝም ብዬ ከፈልኩ። ከከተማ ስንወጣ ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ትንፋሼን እንደተባልኩት ሳብኩ፣ አርዝሜ አወጣሁ። እውነት ለመናገር ይሠራል፤ የልቤ ምት ረገብ አለ።

ከጎኔ የተቀመጡት ቄስ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። አክስቴ ዘንድ አልኳቸው።

«በደህና ነው?»

«ደህና ናቸው፣ ብቻ ነይ አሉኝ፣ አባ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳለሙኝና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ። ይህ ለሐዘንተኛ የሚባል ነው። ከዚያ እስከ ደባርቅ ትንፋሹ አልሠራልኝም።

ደባርቅ

መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች በአዋዜ ይሸጣል። ገዛሁ፤ የአንዱን ግማሽ በልቼ ተውኩት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ እንደ ሐዘንተኛ ለበስኩና ወደ መንደራቸው በእግር መሄድ ጀመርኩ።

መንገዱ ዳገት ነው። ነጭ ሽንኩርት የጫኑ አህዮች ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ነጂዎቹ ነጠላዬን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉኛል። እግሬ በሠራ ቁጥር ጭንቅላቴ ዝም እያለ ሄደ። መራመድ ከትንፋሹ ይበልጣል፤ ይህን የምለው ሞክሬው ነው።

እትዬ ጥሩ ደጃፍ

በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ግቢው ውስጥ ነጭ የለበሱ ሴቶች በአግዳሚ ተደርድረዋል። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ከደጅ ጀምሮ ነው የሚያለቅሰው፤ እኔም ከበሩ «እናቴን! እናቴን!» እያልኩ ገባሁ።

ሴቶቹ ነጠላዬን አዩ። እኔ መርዶ ይዤ የመጣሁ መሰላቸው። አንዷ ደረቷን መታች፣ ሌሎቹ ተነሥተው ተከተሏት፣ ግቢው ባንዴ በለቅሶ ተናጋ። ከቤት ውስጥ «ማን ሞተብኝ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ጥሩ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ እያለቀሱ ወጡ።

ጉልበታቸውን ይዤ ቁጭ አልኩ። በእጃቸው ፊቴን ዳስሰው ለዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ማንን ነው የምናለቅሰው?»

«እርስዎን።»

«እኔን? እኔማ ማኅበርተኞቼን ጠላ እያጠጣሁ ነው።»

የማርያም ማኅበር ተራው የእሳቸው ኖሯል። መጀመሪያ የሳቀችው ደረቷን የመታችው ሴት ናት። «እትዬ፣ ታድለዋል፤ ለቅሶዎን በቁምዎ ሰሙት» አለች። ሌላዋ እንባዋን እየጠረገች፣ እኔስ የድርሻዬን አልቅሻለሁ፣ ያን ለት እንዳትጠሩኝ አለች።

መኳንንት ጠላ ቀጂ ሆኖ ማሰሮ እንደያዘ ቆሟል። ነገሩ ወዲህ ነው። የእትዬ ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰኞ ደባርቅ ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው፤ እኔ አብሬ ካልሄድኩ አልነካም ብለዋል። «ኦፕራሲዮን ብልሽ ትደነግጫለሽ ብዬ ነው» አለኝ። እትዬ ዓይናቸው ባያይም ድምፁ ወዳለበት ዞሩ።

«ስማ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ‹ሞተች› በላት። ‹ደህና ናት› ያልካት እንደሆነ ግን ደህና ልሁን።»

መኳንንት እንዲህ ያለ ነገር በማርያም ዕለት አይወራም ብሎ አጉረመረመ። ሴቶቹ ግን አሜን አሉ።

ደባርቅ፣ ሰኞና ማክሰኞ

ወረፋ ስንጠብቅ እትዬ ጣቶቼን ጨምቀው ይዘው ነበር። ትንፋሹን አሳየኋቸው። ጥቂት ሞከሩና፣ ከዚህስ የያዝኩት እጅሽ ይሻለኛል አሉ። ሲገቡ እስከ በሩ አልለቀቁኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። እትዬ ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ከስተሻል» አሉኝ። «ከተማ ወጥቼ ስደውልልሽ ደህና ነኝ ስትይኝ አልነበር?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኪኒኑን፣ እንቅልፍ ማጣቴን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

ዳባት፣ ማታ

መኪናው ባዶ ነበር፤ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንፋሹ ለአጭር መንገድ፣ እግር ለረጅም መንገድ ይበጃል። ቡናውን ገና አልቀነስኩም። ከሁሉ የከበደኝ የሆድን መንገር ነው፤ ያደግሁት የሚያስጨንቅ ነገር ለሚወዱት ሰው አይነገርም እየተባልኩ ነው፤ መኳንንትም እንዲሁ።

ከመኪና ወርጄ ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ ጀሪካን አንጠልጥላ ከቦኖ ስትመለስ አገኘኋት። ደህና ከርመሽ ነው ወይ አለችኝ።

«ደም ግፊት አለብኝ» አልኳት። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ።»

ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ግራ ቀኝ አየችና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ያንቺ ስንት ነው? የኔስ አልወርድ ብሎኛል።»