በሉባባ እጅ ፈንታ

ይህን ነገር ካለፈው ቅዳሜ በፊት ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእናቴም አልነገርኩም። የንስሐ አባቴ እንኳን ፆም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ ስል ሲሰሙኝ ኖሩ እንጂ ዋናውን አልሰሙም። አሁን ለእናንተ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበላችሁ፤ እንዳታባብሉኝ። “ሰው አይደለሽ፣ ትሳሳቻለሽ” የሚል ካለ እዚሁ ላይ ያቁም። እኔ አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው ያደረግኩት።

አቃቂ ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም ራጅ አንሺ ነኝ። ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ባለሙያ ስላልነበረ የተሰበረው እግርም፣ የሚያስለው ደረትም፣ ፖሊስ የሚያመጣውም ሁሉ በእኔ በኩል ያልፍ ነበር። ፖሊስ ከሚያመጣው አንዱ የዕድሜ ምርመራ ነው። ተጠርጣሪው ልጅ ነኝ ሲል፣ መታወቂያው ደግሞ አዋቂ ነው ሲል፣ ፍርድ ቤቱ የግራ እጁ አንጓ ራጅ ይነሳ ብሎ ያዛል። የልጅ አጥንት ጫፉ ገና አልገጠመም፤ ራጁ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ሲያድግ መስመሩ ይዘጋል። እኔ አነሳለሁ፣ ሐኪሙ ያነባል፣ ዳኛው ይፈርዳል።

የእህቴ ልጅ ሰብለ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ስትስቅ ግቢው ሁሉ ይሰማታል። ከፋብሪካ ልጆች ጋር ተከራይታ በምትኖርበት ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነበርና አንድ ቀን በጀሪካን ወረፋ ተጣሉ። ሉባባ የምትባል ከወሎ የመጣች ልጅ ገፈተረቻት። ሰብለ ወደ ኋላ ወድቃ ጭንቅላቷ የቦኖውን ሲሚንቶ ጠርዝ መታ። እኛ ጋ ነው ያመጧት። የጭንቅላቷን ራጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስንጥቁን ከሐኪሙ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስትወሰድ መንገድ ላይ አረፈች፤ እኔ ያነሳሁት ራጅም ለአሟሟቷ ምርመራ ማስረጃ ሆነ።

የሐዘን ልብሴን ሳላወልቅ ሉባባን ለዕድሜ ምርመራ አመጧት።

መታወቂያዋ አሥራ ዘጠኝ ይላል። እናቷ እትዬ ፋጡማ ግን “ወላሂ አሥራ አምስትን አልደፈነችም!” እያሉ ከወሎ መጥተው ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ነበር የከረሙት። ማን ይመናቸው? ፋብሪካው ልጅ አይቀጥርም ሲባሉ ቀበሌ ምስክር አቁመው ዕድሜዋን ያስጨመሩት ራሳቸው ናቸው። በእኛ ሰፈር ይህን ያላደረገ ቢኖር ጥቂት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነባቸውና፣ የቀረላቸው ምስክር የልጃቸው አጥንት ብቻ ነበር። ልጅ መሆኗ ከተረጋገጠ ቅጣቱ ይቀላል፤ ከአዋቂ እስረኛም ጋር አትቀላቀልም።

ያን ቀን ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር። “ሟቿ የእህቴ ልጅ ናት፤ ይቺን ልጅ ሌላ ቦታ ውሰዷት።” አላልኩም። ሰብለ በአባቷ ስም ስለምትጠራ ከእኔ ጋር የሚያገናኛት ፖሊስ አልነበረም፤ ሐኪሙም ልጅቷ በማን ደም እንደተከሰሰች አያውቅም ነበር። ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ፖሊሷ ጨረሩን ፈርታ ከበር ውጭ ቀረች። እኔ የልጅቷን ግራ እጅ ራጅ አነሳሁና ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልሙን አጠብኩት። መስመሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እናቷ እውነታቸውን ነበር፤ ልጅ ናት። እና እኔ ምን አልኩ? “ሰብለ አፈር ገብታ ይቺ ልጅ ናት ተብላ ልትተርፍ?” አልኩ። ፊልሙን በመቀስ ከትፌ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩት።

ተመልሼ ወጣሁና “ተበላሽቷል፣ እንደገና ነው” አልኳት። እጇን ልትዘረጋ ስትል ወንበሩ ላይ እንድትቀመጥ ነገርኳት። ቀለበቴን አወለቅኩ። የገዛ ግራ እጄን ፊልሙ ያለበት ካሴት ላይ ዘረጋሁ። የማሽኑ መጫኛ ቁልፍ ገመዱ ረጅም ነው፤ ወደ ራሴ ስቤ ያዝኩት። ልጅቷ ዓይኗን ከእጄ ላይ ሳትነቅል ታየኝ ነበር።

“ሲስተር፣ ጨረሩ እጅዎን አይጎዳዎትም?” አለችኝ።

ለእኔ እጅ ተጨንቃ! “ማሽኑን እየሞከርኩ ነው” አልኳትና ተጫንኩት። ያ ጥያቄዋ ያኔ ሊያቆመኝ ይገባ ነበር። አላቆመኝም። ከእሷ ጥያቄ በኋላ ነው የተጫንኩት፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጎ ሲያይ “ይቺ ልጅ ትንሿ ጣቷ ተሰብሮ ያውቃል እንዴ?” አለኝ። አይ እኔ! በልጅነቴ በር የሰበረኝን ጣት ረስቼዋለሁ። እግዜር በሩን በርግዶ “ውጪ” ሲለኝ ነበር፣ እኔ ግን “አዎ፣ ድሮ ነው አለችኝ” ብዬ ዘጋሁት። ሐኪሙም አመነኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ናት ብሎ ጻፈ። ዛሬ የሚጠራጠረኝ ካለ ጣቴ ይኸው፤ ፊልሙ መዝገቡ ውስጥ አለ፣ እጄን ራጅ አንስቶ ያስተያይ። ለፍርድ ቤቱም በዚህ ሳምንት ይህንኑ በፊርማዬ አስገብቻለሁ። ከሥራ ያባርሩኛል? ያባርሩኝ። ያስሩኛል? ይሰሩኝ።

ሉባባ እንደ አዋቂ ተፈረደባት። ቃሊቲ ገባች። እኔም በየቀኑ በሚኒባስ በማረሚያ ቤቱ በኩል እያለፍኩ ሥራዬን ስሄድ ኖርኩ።

ምን ልትሉኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ ለራሴም ብዬዋለሁና። ሐዘን ነው፣ ደም ፍላት ነው ትሉኝ ይሆናል። ኤዲያ! ደም የፈላበት ሰው ቀለበቱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል? የእጅ አጥንት ዕድሜን በትክክል አይናገርም፣ በዓመት በሁለት ዓመት ይስታል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይስታል። እኔ ግን የሳትኩት በዓመት አይደለም፤ በሰው ነው። ገድላለች፣ የትም ብትታሰር ይገባታል የሚለኝ አለ፤ እሱ ደግሞ የእህቴ ድምፅ ነው። ሰብለን ገፍትራለች፤ ይህን ማንም ከእሷ ላይ አያነሳላትም። እኔ የሠራሁት ግን የሰብለን ደም አልመለሰም፤ የሌላዋን እናት ምስክር ሰረቀ እንጂ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ውሸት ነው! እኔ አፌን ዘግቼ ስኖር ምን ጠራ?

ቅዳሜ ዕለት ከሚኒባሱ ማረሚያ ቤቱ ጋ ወረድኩ። እትዬ ፋጡማ ለልጃቸው ቅርብ ለመሆን ከወሎ ጠቅልለው መጥተው እዚያ በር ላይ ብርቱካን እንደሚሸጡ አውቅ ነበር። ለዓመታት በመስኮት ሳያቸው ፊቴን አዞር ነበር። ፊታቸው ቆምኩና “እትዬ ፋጡማ፣ የልጅዎን ራጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ፍርድ ቤት የሄደው የእሷ እጅ አይደለም፤ የእኔ ነው” አልኳቸው። አልገባቸውም። ደግሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

እርግማን ጠብቄ ነበር። በጥፊ ቢመቱኝም ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን “የልጄስ እጅ? የልጄ እጅ ምን ይል ነበር?” አሉኝ።

“እርስዎ ያሉትን ነበር። ልጅ ነበረች።”

የብርቱካኑ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉና የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።

“ሐኪም እንዲህ ካለ እኔ ነኛ የተሳሳትኩት ብዬ፣ የወለድኩበትን ዘመን የዘነጋሁ መሰለኝ” አሉ። “ለሷም ነገርኳት። እናትሽ ረስቻለሁ መሰል፣ አዋቂ ነበርሽ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስለዕድሜዋ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።”

ይህን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ራሴን ስከስ ይህ አንድም ቀን በሐሳቤ አልመጣም። ሴትዮዋ ልጃቸውን መቼ እንደወለዱ እንዲጠራጠሩ አድርጌያቸዋለሁ።

“አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ” ማለት አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። እሳቸውም አውፍ ብዬሻለሁ አላሉኝም። ተነሥተው ብርቱካኑን ለጎረቤታቸው አደራ ሰጡና ክንዴን ያዙ።

“እኔ ብነግራት አታምነኝም። አንቺ ንገሪያት” አሉኝ።

ከጠያቂዎች ጋር ተሰልፈን ገባን። ሉባባ ከአጥሩ ማዶ መጣች፤ አሁን እውነትም አዋቂ ናት። የሰብለ አክስት ነኝ አልኳት። ያደረግኩትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ እኔም የሰብለን ነገር ይቅር አላልኳትም። እናትሽ አልተሳሳቱም አልኳት።