ተመላሽ ካፖርት

ወታደር እህቴን ለማሳከም ወደ ጦር ሆስፒታሉ በመጣሁ ቁጥር አንድ ወታደር አገኛለሁ። የአእምሮ ሕክምና ተራ መጠበቂያው ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይቀመጣል። ሪዙ የተከረከመ፣ ጫማው እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ጎልማሳ ነው።

ዛሬ ወታደራዊ ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የላላ ቁልፍ ይሰፋል። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«ልትለብሰው ነው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ላስረክበው ነው። ሕክምናዬን ሳልጨርስ ከሠራዊቱ አሰናበቱኝ። ልቆይ ብዬ ብለምንም ‹ለግዳጅ ብቁ አይደለህም› አሉኝ።»

«ታዲያ ላባረረህ ምን ያደክምሃል?»

«እኔ ስረከበው አንድ ቁልፍ አልጎደለውም ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ከእኔ በኋላ የሚለብሰው ልጅ ይብረደው እንዴ?»

ይሄኔ ነፋሱ የኮሪደሩን በር ወስዶ አላተመው። ክፍሉ ተናወጠ። ሁላችንም ጭንቅላታችንን ይዘን አጎነበስን። እሱ ግን ከወንበሩ ተስፈንጥሮ እማማን በሁለት ክንዱ አቀፋቸውና ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። መጀመሪያ የገባን ነገር አልነበረም። ፍንዳታ መስሎት እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው።

በር መሆኑን ሲያይ ቀስ ብሎ ለቀቃቸው። ፊቱ በላብ ተጠምቋል።

«ይቅርታ እማማ፣ አሳመምኩዎት?»

መልሳቸውን ሳይጠብቅ ተንበርክኮ የወደቀችውን መርፌ ወለሉ ላይ ይፈልግ ጀመር። እማማ ጎንበስ ብለው ካፖርቱን አነሱ፤ አቧራውን አራገፉና ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

«አሁን ልበሰው» አሉት፣ «እስኪረከቡህ ድረስ ያንተው ነው።»