ቀይ ክር የታሰረበት ድስት

ከአዲሱ ገበያ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ዳር ጀላል የሚባል ባለሱቅ ነበር። ጨው፣ ክብሪትና የፋኖስ ብርጭቆ ይሸጣል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሚስቱ ስለ ዘኪያ ነው። ዘኪያ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቋ አጥር ተሻግሮ የሚሰማ ሴት ነበረች። ሰፈሩ ከሁሉ በላይ የሚያውቃት በቃሏ ነው፤ «ዘኪያ ብላለች» ከተባለ ክርክሩ ያበቃል።

ጎረቤቷ ጽጌረዳ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ናት። ሴት ልጇን የሺን እንደወለደች ታይፎይድ ይዟት ሆስፒታል ስትተኛ፣ ሕፃኗን ከራሷ ልጅ ከፈድሉ ጋር እኩል ያጠባቻት ዘኪያ ነበረች። ስለዚህ የሺ አፏን ስትፈታ ሁለት እናቶች ጠራች፤ አንዷን «እማዬ»፣ አንዷን «ዘኪዬ»።

የሺ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ጽጌረዳ ልደት ላክብርላት አለች። በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር የልጅ ልደት ማክበር ገና አልተለመደም፤ ደግሞም ደርግ ገብቶ ስኳሩም ዱቄቱም በቀበሌ ኮታ ሆኗል። ሁለቱ ሴቶች ግን ጓሮ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ድግሱን አወጡ አወረዱ።

«ኬክ ከየት ይመጣል ብለሽ ነው? ድፎ እንጋግርና ሻማውን እላዩ ላይ እንሰካዋለን» አለች ዘኪያ።

«ቀልጦ ዳቦው ሰም ሰም ቢልስ?»

«የኛ ልጆች እንደሆኑ ሰሙንም አይምሩት!»

ተሳሳቁ። ለልጆቹ ፈንዲሻና ፓስታ፣ ለአዋቂው ምንቸት አብሽ እንዲሆን ተስማሙ። ሥጋው ላይ ሲደርሱ ነገሩ ቁም ነገር ሆነ። እንደሚታወቀው ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ይህ በሰፈራችን የጠብ ምክንያት ሆኖ አያውቅም፤ ደግሶ የሚጠራ ሁሉ ሁለት ድስት ይጥዳል፣ በቃ።

«ለኛ ሰዎች ጀላል ያርዳል። ወጡን እቤቴ ሠርቼ አመጣዋለሁ» አለች ዘኪያ። «የድስቱ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፤ ጭልፋውም ላይ። ካንቺ በቀር ማንም እንዳይነካው።»

«አደራሽን አልበላም። ወይስ አታምኚኝም?»

«አንቺን ባላምን ልጅሽን አጠባት ነበር?»

ያስቸገሩት የጀላል እናት እማማ ዓሊማ ናቸው። እኒህ አሮጊት ከሰው ቤት ሥጋ ቀምሰው አያውቁም። «ልጅቷን መርቄ፣ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ» አሉ።

«እማማ፣ ድስቱ እኮ የራሴ ነው። ኃላፊነቱ በኔ» አለች ዘኪያ።

አማቷም «አንቺ ካልሽ እሺ» አሉ። ምራታቸውን ያን ያህል ያምኗት ነበር።

የልደቱ ዕለት ዘኪያ ድስቷን አድርሳ፣ በጽጌረዳ ጓዳ ከሰል ላይ አስቀምጣ፣ የዐስር ሶላት ልትሰግድና ፈድሉን ልታለብስ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዘመዶቿ ጋር ስትመጣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ድፎው ላይ ሻማው ተሰክቷል፤ ድስቷም ቀይ ክሩን እንዳሰረ ቦታው ላይ ነው። ሰሐኑን ይዛ ራሷ ጨልፋ ለቤተሰቧ አቀረበች።

«ይጨመርልዎት እማማ?»

«ጨምሪልኝ እንጂ! ዛሬስ እጅሽ ጣፍጧል።»

ተበልቶ ሲያበቃ የጽጌረዳ ባል መሸሻ ጠርሙሱን ይዞ ተነሣ። መሸሻ በቅርቡ የካድሬ ሥልጠና ወስዶ የመጣ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ሳይቀር ንግግር ሆኗል።

«ጓዶች!» አለ። «የእስላም ድስት፣ የክርስቲያን ድስት የሚባለው ኋላ ቀር ነገር ዛሬ እዚህ ቤት ተቀብሯል! የዘኪያ ወጥ አርሮ ከኛው ድስት ተገልብጦበት፣ ሁላችንም አንድ ወጥ በላን። እስቲ ማን ታመመ? እማማ ዓሊማማ ጭራሽ አስጨመሩ!»

ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ ወዲያው ደረቀ።

ዘኪያ መሸሻን አላየችውም። ያየችው ጽጌረዳን ነው። ጽጌረዳ ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ ፈንዲሻ ትለቅማለች።

እማማ ዓሊማ «አስተግፊሩላህ» ብለው ምርኩዛቸውን ያዙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ሳያውቅ የበላን አላህ ይምረዋል። ግን ልጄ፣ እኔ የበላሁት በዚህ ሰውዬ ቃል አይደለም። ባንቺ ቃል ነው።»

ዘኪያ ወደ ጓዳ ገባች። ጽጌረዳ ተከተለቻት።

«በማርያም ዘኪዬ፣ ስሚኝ። እንግዳ ስቀበል እረሳሁት፤ አረረ። አፈርኩ። መሸሻ ‹ማን ያውቃል፣ ገልብጪበት› አለኝ። እንዲህ ይለፈልፋል ብዬ መች አሰብኩ!»

«ባይለፈልፍ ኖሮ ዝም ልትዪ ነበር?»

ጽጌረዳ ጎንበስ ብላ ከሰሉን መቆስቆስ ጀመረች።

«አረረ ብትዪኝ ምን ነበረበት? ዳቦና ሻይ ይበቃን ነበር። እኔም ስቄብሽ አልፈው ነበር። አንቺ ግን ድስቱን አጠብሽ፣ ሌላ ሞላሽበት፣ ክሩን እንደታሰረ ተውሽው። ጽጌ፣ ምነው ክሩን እንኳ በፈታሽው!»

ባዶ ድስቷን ይዛ ወጣች።

እማማ ዓሊማ ከዚያ በኋላ ምራታቸውን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ዘኪያ ሥጋ ባቀረበች ቁጥር ግን እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ወደ ጀላል ዞረው «ያረደው ያንተ እጅ ነው?» ይላሉ። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ማዕዷ። ጀላል «አዎ እናቴ» ይላል፤ ዘኪያ አንገቷን ትደፋለች። ሳቋም አጥር መሻገሩን ተወ።

የሺ ግን ልጅ ናት፤ ስለ ኩርፊያ ምን ታውቃለች? ወር ያህል ቆይታ፣ አንድ ቀን እንደ ድሮዋ እየሮጠች መጣችና የዘኪያን ቀሚስ ያዘች። ወጡ ተንተክትኮ ወርዷል፤ ፈድሉ እየበላ ነው።

«ዘኪዬ፣ እኔም! እኔም ሥጋ!»

ዘኪያ ሳታስበው ጉርሻ ጠቅልላ አነሣች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ለካ ብድር ለመመለስ አንዲት ጉርሻ ትበቃ ነበር! ልጅቷ ቤቷ ገብታ «ዘኪዬ ቤት ሥጋ በላሁ» ስትል፣ ጽጌረዳም ነገሩ እንዴት እንደሚቆረቁር ታውቀው ነበር። የሺ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ጉርሻውን ሰሐኑ ላይ መለሰችው።

«ይሄ ያንቺ አይደለም የኔ ልጅ። ቆይ፣ ሌላ እሰጥሻለሁ።»

እንቁላል ቀቀለችላት፣ ላጠችላት፣ ጨው ነሰነሰችላት። የሺ ጉንጮቿን ሞልታ በላችና ደስ እያላት ወደ ቤቷ ሮጠች።

ዘኪያ ቅርፊቱን ልትጥል ወደ ጓሮ ስትወጣ ከአጥሩ ማዶ የጽጌረዳን ድምፅ ሰማች። ዝቅ ያለ፣ የተጣደፈ ድምፅ ነው።

«ሥጋ ሥጋ ሸቶኛል። ምን አበላችሽ?»

«እንቁላል።»

«እንቁላል ብቻ? እስቲ አፍሽን ክፈቺ፣ ልየው።»