ሦስት ዓመት በአንድ ክንድ ርቀት

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልታሰረበትም። አንዲት የደባርቅ ልጅ ከአንድ ልጅ ጋር ሦስት ዓመት እስክስታ መታች፤ ከዚያ ተዉት፤ ነገሩ ይኸው ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኞቼ ከዚህ የከበደ ነገር አይተው የመጡ ስለሆኑ ስለ ጭፈራ ማውራት ያሳፍረኛል። ቢሆንም በነዚያ ወራት ምን ያህል ተይዤ እንደነበር ለማንም በትክክል ነግሬ አላውቅም። ስለዚህ ይገባዋል አይገባውም የሚለውን ለአንባቢ ትቼ፣ በተቻለኝ መጠን ሳላጋንን ልጻፈው።

ያሠለጠኑን ሰው ጡረታ የወጡ የትራክተር መካኒክ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ለትምህርት ሩሲያ ተልከው አምስት ዓመት ኖረዋል። ሞተር መፍታት እዚያ ተማሩ፤ ከሞተር ይልቅ ግን የሚያወሩልን ስለ በረዶ ላይ ዳንስ ነበር። ከማደሪያቸው ፊት ለፊት የበረዶ መጨፈሪያ አዳራሽ ነበረ። የአዳራሹ ሻይ ቤት ስለሚሞቅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየገቡ ልምምድ ያያሉ። እዚያ ዘወትር የሚያዩዋትን አንዲት ጨፋሪ «የበረዶዋ ልጅ» እያሉ ሕይወቷን በየልምምዱ ትንሽ ትንሽ ይነግሩን ነበር።

«በዘጠኝ ዓመቷ ነው ከልጁ ጋር ያጣመሯት። እሱ አሥራ አንድ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይወድቃል። አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው፣ ቃል ሳይለዋወጡ፣ ከሀገሩ ሁሉ ሁለተኛ ወጡ። ያያቸው ሁሉ ባልና ሚስት ናቸው ይላል።»

«ተጋቡ እንዴ ጋሼ?»

«ኧረ ተይኝ! ከበረዶው ሲወርዱ እሷ በዚህ በር፣ እሱ በዚያ በር። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተለያዩም?»

«በምን አንደበቷ ትበለው? አሠልጣኝ አለ፣ እናት አለች፣ ሀገር አለ። ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷት እንኳ ጫማዋን ስትፈታ ወለሉን እያየች ነበር የምትፈታው።»

መጨረሻዋን አያውቁትም። ትምህርታቸው አልቆ ተመለሱ፤ ልጅቷ እዚያው በረዶው ላይ ቀረች።

የምንለማመደው በወጣቶች አዳራሽ ነበር። የአዳራሹ ግማሽ የማዳበሪያ ማከማቻ ስለሆነ ትንፋሻችን ሳይቀር ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸታል። ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ውጭ ሣሩ ላይ ውርጩ ሳይቀልጥ፣ ሲሚንቶው ላይ በካልሲ እንቆማለን። ጋሼ ያን ጊዜ አንድ ክንድ የምትረዝም የጥጥ ገመድ አውጥተው የእኔን ቀኝ እጅ አንጓ ከተጣማሪዬ ግራ እጅ አንጓ ጋር ያስራሉ። የበረዶዎቹ ጨፋሪዎች ከተወሰነ ርቀት በላይ እንዳይራራቁ ደንብ አለ ይላሉ። ገመዷ ከተወጠረች ተራራቅን ማለት ነው፤ ከረገበች ተጠጋግተናል፤ ሁለቱም ጥፋት ነው። ትከሻችን እየተንቀጠቀጠ ገመዷ ግን ሳትወጠር፣ ሳትረግብ መቆየት አለባት።

ተጣማሪዬ የደረስጌ ልጅ ነው። ለትምህርት ደባርቅ መጥቶ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ትከሻው እንደ እሱ የታዘዘለት ሰው አላየሁም። ቀልደኛም ነው።

«ዛሬም ትከሻሽ አልነቃም?» ይለኛል። «ነገ ቀስቅሰሽው ነይ።»

«ያንተ ከመንቃቱ የተነሳ ሒሳብ ረስቷል።»

በሒሳብ ስቀልድበት ይስቅ ነበር፤ ግን እውነት ነበር። ትምህርቱ አልሆነለትም። ያሸነፈ ጥንድ የዞኑ የኪነት ቡድን ውስጥ ይገባል ይባል ስለነበር ተስፋው ሁሉ እዚያ ነበር። የእኔ ተስፋ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዳባት ላይ ተወዳድረን ሦስተኛ ወጣን። በሁለተኛው ዓመት አንደኛ። የመጨረሻው ውድድር ጎንደር ነበር፤ እሱን ጨርሼ እገላገላለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

የጭፈራችንን መጨረሻ የፈጠሩት ጋሼ ናቸው። «የበረዶዎቹ ሲጨርሱ ተቃቅፈው ይቆማሉ። እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ኩታውን ያልብሳት» አሉ። ከበሮው ቀጥ ሲል ተጣማሪዬ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ከራሴ ጀምሮ ያለብሰኛል፤ ሳንነቃነቅ እንቆማለን። ደባርቅም ዳባትም ሰው ያጨበጭባል፤ በዚያው ያበቃል።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ለማርያም ንግሥ ደረስጌ ጠሩን። ታቦቱ ከገባ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ሜዳው ላይ ጨፈርን። ከፊት ከካህናቱ ጋር የተጣማሪዬ አያት ተቀምጠዋል። ጋሼ ስለ በረዶ የነገሩን ሁሉ እዚያ ማንም አልሰማም። ኩታው ራሴ ላይ ሲያርፍ ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌው ተነሥተው መጡና እጃቸውን በሁለታችንም ራስ ላይ ጫኑ።

«ማርያም ትባርካችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ።»

በደንብ ሰምቻለሁ። የምርቃቱ ዓይነት ግራ ገብቶኛልም። ግን ሽማግሌ እጁን ራስሽ ላይ ጭኖ ሲመርቅ እንዴት ዝም ይባላል? ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ጨዋ ልጅ መሆኔን ማሳየት ፈለግሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን» አልኩ።

ወሩ ሳይሞላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን ደጅ ቆሙ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን ትቶ ወጣና ግቡ አላቸው። ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም አሉ። በደጃፉ መጋረጃ በኩል ሁሉንም እሰማ ነበር።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው። እንግዳ ነገር አይደለም፤ በማርያም ደጅ፣ በሰው ፊት፣ ኩታውን ለብሳ አሜን ብላለች።»

አባቴ እንደ ወጉ «ልምከርበት» ብሎ ሸኛቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺም እምቢም አይባልም። ከፋሲካ በኋላ ደግመው መጡ፤ አሁንም ልምከርበት። ሦስተኛው ምልልስ ክረምት ሳይገባ ይሁን ተባለ፤ ሦስተኛው ላይ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል።

«እኔ አልገፋሽም» አለኝ አባቴ። «ግን አሜን ያልሽው አንቺ ነሽ። ምን ብዬ ነው የምመልሳቸው?»

አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበርና ማንም በግድ ሊድረኝ አይችልም፤ ይህን አውቃለሁ። የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ለጋሼ ነገርኳቸው። «እስከ ጎንደር ዝም በይ» አሉኝ። «አሁን እምቢ ካልሽ አያትየው ይቀየማሉ፣ ልጁን ያስቀሩታል፣ የሦስት ዓመት ልፋታችን ገደል ገባ።» ሰውን ማስቀየም አልችልም። እሺ አልኩ። ገበያ ስወጣ ጎመን ሻጮቹ «የደረስጌዋ ሙሽራ መጣች፣ መንገድ ልቀቁላት!» ይሉኛል። እስቃለሁ። ቤት ገብቼ የባዮሎጂ መጽሐፉን እገልጣለሁ፤ በማግስቱም ያው ገጽ ላይ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት ከተጣማሪዬ ጋር እታሰራለሁ። አንድ ቀን ጋሼ ከበሮውን ሊያሞቁ ወደ ፀሐይ ሲወጡ ጠየቅሁት።

«አንተ ትፈልጋለህ?»

«ምኑን?»

«አትቀልድ።»

«አያቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም» አለ።

«የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።»

«እኔ እሳቸውን እምቢ አልልም። አሳድገውኛል። አንቺ እምቢ በይ።»

«እኔ እምቢ ካልኩ ጎንደር ቀረ። አንተ በላቸው።»

«በይ እንግዲህ፣ ሁለታችንም እምቢ አልን ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጋሼ ከበሮውን እየመቱ ገቡ፤ ትከሻችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ቀን ገመዷ አንድ ጊዜ እንኳ አልተወጠረችም። ጋሼ ከዚህ የተሻለ ጨፍራችሁ አታውቁም አሉን።

ለጎንደር ስምንት ቀን ሲቀረን፣ ካፊያ በሚጥልበት ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። እንደ ሁልጊዜው አያትየው፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ሌላ ሽማግሌ። ተጣማሪዬ የአያቱን ጃንጥላ ይዞ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። አባቴ ተቀመጡ አለ፤ እንደ ልማዳቸው አልቀመጥ አሉ። ካፊያው እያረጠባቸው ቆመው ሳይ አላስቻለኝም። አግዳሚ ወንበሩን አውጥቼ በክንዴ ጠረግሁላቸው። አሁንም አልተቀመጡም። ወደ ውስጥ መመለስ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን አልመለስ አለኝ። አባቴ አፉን ሲከፍት «ልምከርበት» ሊል እንደሆነ ከፊቱ አወቅሁ።

«አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። «ልጁን አልጠላውም። ላገባው ግን አልፈልግም። አሜን ያልኩት ለምርቃቱ ነው።»

ቄሱ ወደ እኔ ሳያዩ «ልጅት፣ እኛ የጠየቅነው አባትሽን ነው» አሉ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም የምለው እሷ ያለችውን ነው» አለ።

አያትየው ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ።

«አንተስ?»

«እኔማ አባባ … መጀመሪያም አላሰብኩትም ነበር።»

«ምን አልክ?»

«እርስዎ ደስ ሲልዎት አይቼ ነው ዝም ያልኩት።»

«ሦስት ጊዜ!» አሉ አያትየው። «ሦስት ጊዜ በዚህ ወገቤ ያን መንገድ ስንገጫገጭ ዝም? መናኸሪያ እየተቀበልከኝ፣ ከጎኔ ቆሎ እየበላህ ዝም?»

ቄሱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲስቁ ትከሻቸው ታየኝ። መልስ ስለተገኘ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባቴም ከጎናቸው ተቀመጠ። እናቴ ጠላ ይዛ ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኅዳር ወዲህ አየር ወደ ደረቴ እስከ ታች ሲገባ ተሰማኝ።

አያትየው ዋንጫውን ሳያነሡ ግን እንዲህ አሉ።

«እንግዲህ አንድ ላይ አትጨፍሩም። ሰው ፊት ኩታ ካለበሳት በኋላ፣ ነገሩ እንዲህ ከፈረሰ በኋላ፣ ደግሞ ሰው ፊት አብሯት አይቆምም። ለእሷም ነውር ነው።»

ተጣማሪዬ ቀና ብሎ አየኝ። ከሁላችንም ደፍሬ የተናገርኩት እኔ ስለነበርኩ፣ አሁንም እንድናገርለት ይጠብቅ ነበር። አባባ፣ ጎንደርን ብቻ ይፍቀዱልን ማለት ይበቃ ነበር። የሚሰሙኝም ይመስለኛል፤ ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ቃሉ ከወጣ ነገ ጠዋት ተመልሼ እንደምታሰርም አወቅሁ። አጎንብሼ አግዳሚው ላይ ያለውን የውኃ ጠብታ በጣቴ ጠረግሁ፤ ዝም አልኩ።

ጠላውን ጠጥተው ሲነሡ ጃንጥላውን ከፍቶ ከአያቱ በላይ ያዘ። ለአባቴ እጅ ነሣ፤ ለእኔ አልነሣም። ጎንደር ሌላ ጥንድ ሄደ። እሱ ወደ ደረስጌ ተመለሰ፤ አሁን በየዳ ወረዳ የእርሻ ሥራ እንደያዘ ሰምቻለሁ። ይጨፍር እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ጥንድነታችን ያበቃው በዚያ የካፊያ ጠዋት ነው፤ ዓምና ሰኔ 12 ቀን፣ በሰኔ ሚካኤል።