ለእኔ ያልተጣለው ድንኳን

የበደለችኝ የሕንጻችን እድር ጸሐፊ ናት፤ ጊዜው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሐምሌ ነው። ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር ሞተች። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሯ አልደረስኩም፤ መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው። ጸሐፊዋ ደብተሯን ገልጣ «እዚያ ለተቀበረ ሰው ድንኳን አይወጣም» አለችኝ። ይህንስ ደንብ ነው ብዬ በዋጥኩት። ለጎረቤቱ ግን «እሷ ሰው አትፈልግም፣ ተዉዋት» ብላ አወራች። ሦስት ቀን በሬን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድም ሰው አልመጣም። በአራተኛው ቀን ዘጋሁት። ጥቁሩን ግን አላወለቅኩም።

ዘንድሮ የጸሐፊዋ ባል ሞተ። ኮንዶሚኒየማችን ለሚ ኩራ ነው፤ ግቢው ጠባብ በመሆኑ ድንኳኑ አፉን ወደ እኔ በር አዙሮ ተጣለ። እኔ አልሄድኩም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቴ ሥር ቁጭ ብዬ የሚገባ የሚወጣውን ሳይ በሬ ተንኳኳ።

ሦስት ተማሪዎች ናቸው፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ። አንዷን በዓይን አውቃታለሁ። አራተኛ ፎቅ ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር፣ ደረጃ ላይ አንገቷን ደፍታ የምታልፍ የኮሌጅ ተማሪ ናት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ልጁ አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ተሸክሟል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ» አለች።

ነገሩ ገባኝ። ጥቁር ለብሻለሁ፣ ድንኳኑ ደጃፌ ላይ ነው። ተሳስታችኋል ልል ስል «ማን ናቸው ያረፉት?» አለችኝ።

«እህቴ» አልኩ።

አልዋሸሁም። ገብተው ተቀመጡ።

ልጁ ስልኩን ሲያወጣ ሁለተኛዋ ልጅ በክርኗ ጎሸመችው። «ለቅሶ ቤት እኮ ነው፣ አታፍርም?» ሦስቱም ስልካቸውን ከተቱ። ከለቅሶ ቤት ቶሎ ተነሥቶ መውጣት ነውር ነው፤ ስለዚህ ቀስ እያሉ ማውራት ጀመሩ። ለካ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ተምረው የሚተዋወቁት በቴሌግራም ነው። የአራተኛ ፎቋ ልጅ በክፍላቸው ግሩፕ ላይ «ጎረቤቴ ሐዘን ላይ ናቸው፣ ብቻዬን መግባት ፈራሁ፣ ማን አብሮኝ ይሄዳል?» ብላ ጽፋ ኖሯል።

«ሁሉም የሚያለቅስ ፊት ላከላት» አለኝ ልጁ። «መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የተገኘነው ግን እኛ ነን።» ወደ እሷ ዞረና «እኔ እኮ ኩራተኛ ትመስይኝ ነበር» አላት።

«ፈርቼ ነው እንጂ!»

«እኛም አንቺን ፈርተን።»

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «ትምህርት የማቋረጫ ፎርም ሞልቻለሁ» አለች። «ሰኞ አስገብቼ ወደ ሶዶ ልመለስ ነው። እዚህ ሕንጻ ውስጥ የሰው በር ሳንኳኳ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። «ልጆች፣ ድንኳኑ የእኔ አይደለም» አልኳቸው። «እህቴ ግን ሞታለች። ሁለት ዓመት ሆናት።»

ልጁ ካርቶኑን አየ። «ውሃውስ? የእርስዎ ነው የእነሱ?» ሲል ሁለተኛዋ ልጅ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። የአራተኛ ፎቋ ግን አልሳቀችም።

«ያኔ ማንም አልመጣም?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው እኛ መጣን» አለችና ተደላድላ ተቀመጠች።

ስለ እህቴ ጠየቁኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ዳር ኖራ ዓሣ በአፏ እንዳልዞረ ነገርኳቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ምስጋና ከአፌ ቶሎ አይወጣም፤ ያን ቀንም አላመሰገንኳቸውም። አሁን እዚህ ላይ አመሰግናቸዋለሁ።

ሊወጡ ሲነሡ የአራተኛ ፎቋ ልጅ በሩ ላይ ቆመች። «እዚያኛው ለቅሶስ? ብቻዬን አልገባም። እርስዎ ከገቡ እገባለሁ።»

ነጠላዬን አነሣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ጸሐፊዋን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ልጆቹ ግራና ቀኜ ተቀመጡ። ይቅር አላልኳትም።

ሰኞ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። ልጅቷ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ትታ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ታክሲ እስክትይዝ ድረስ ሸኘኋት።